እትዬ መዲና ኮምቦልቻ የወረዱበት ቀን

ቃል አላበዛም። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ከዘሃራ አፍ ወሬ ከማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል» ይል ነበር። ይህንንም ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ የጻፍኩት እንደ እኔ ያሉ እናቶች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። አላህ አንዲት ልጅ ሰጥቶናል፤ ሐያት ትባላለች። ትምህርቷን ስትጨርስ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አገኘችና እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ደሴና ኮምቦልቻ አይራራቁም፤ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው። ግን ልጅ ከቤት ስትወጣ ቅርቡም ሩቅ ነው። ቀን ከሠራች ማታ ትተኛለች፤ ሌሊት ከሠራች ቀን ትተኛለች። ለእኔ የምትተርፈኝ ሐሙስ ነበረች፤ ያኔ ትደውላለች።

ስልክ ላይ የምላት አልነበረኝም። «በላሽ? ሰገድሽ? በረደሽ?» እላታለሁ። ኮምቦልቻ ቆላ ስለሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ያስቃታል። ከዚያ ዝም እንላለን።

አንድ ሐሙስ፣ «ዛሬ ማን መጣ እማ?» አለችኝ።

«ማንም። በሩን ጠየቅኩት። ነፋስ መጥቶ ነበር፤ ስላልተዋወቅን አልከፈትኩለትም አለኝ።»

ብዙ ሳቀች። በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰላምታው በፊት፣ «በሩስ ምን አለ?» አለች። በሩ በየሳምንቱ የሚለው አላጣም። ከጠዋት እስከ መግሪብ ፊት ለፊቴ ያለው እሱ ነውና።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐያት ያልኳትን ሁሉ ሥላው አገኘኋት። ሥዕሎቹ በተርታ ይደረደራሉ፣ ንግግሩ በነጭ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ኮሚክ ይባላል አለችኝ። ስሙንም «እትዬ መዲናና በራቸው» አለችው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ከበራቸው ጋር ሲያወጉ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ነፍስ ያለው መሳል ያስፈራኛል አልኳት። አልተከራከረችኝም። እትዬ መዲናን ሁልጊዜ ከጀርባቸው፣ ወደ በሩ እንደ ዞሩ ሣለቻቸው። ፊታቸውን ያየ የለም።

እንዲህ ሆነን ሁለታችን አንድ ሥራ ያዝን። ቃሉ ከእኔ፣ ሥዕሉ ከእሷ። የምትስለው ስልኳ ላይ በጣቷ ነው። የስልኩ መስታወት በቀኝ በኩል ጥጉ የተሰነጠቀ ነው፤ ጣቷን ስለሚቆርጣት ያን ቦታ አትነካውም። ስለዚህ በሥዕሎቹ ሁሉ የቀኝ ጥግ ባዶ ነው። አንባቢዎች ሰማይ ነው ይሉታል።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍታ ዓርብ ዓርብ ታወጣው ነበር። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘጋ። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ሐያት ግን ሥዕሉን በሜሞሪ አድርጋ፣ ሜሞሪዋን በወረቀት ጠቅልላ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚመላለሰው በሙሄ ሚኒባስ ትልክልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ሰኞ ገበያ እወስዳታለሁ። እዚያ ጀማል የሚባል፣ መንዙማና ፊልም በስልክ የሚጭን ባለ ሱቅ አለ። መንዙማ ሊያስጭን የመጣ ሁሉ እትዬ መዲናን አብሮ ይዞ ይሄዳል። ኢንተርኔት ላይ ይነበብ የተባለ ነገር ሐረጎን በመኪና ወጥቶ፣ በየሰው ኪስ በእግሩ ዞረ።

አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ቲማቲም ስገዛ፣ ከጎኔ ያለች ሴት ዋጋ ቀንሺ ብትላት ነጋዴዋ፣ «እህቴ፣ ስላልተዋወቅን አልቀንስም» አለቻት። ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ ቲማቲሜን ይዤ ዝም ብዬ ሄድኩ። ለሐያትም አልነገርኳትም።

ያ ዝምታዬ ነው እንግዲህ የዚህ ታሪክ ሥር።

እኛ ዘንድ ልጅን በሰው ፊት አያመሰግኑም። እናቴ እኔን አላመሰገነችኝም፤ እናቷም እሷን። ሰው «ልጅሽ ቆንጆ ናት» ካለ፣ «ኧረ የት መጥታ፣ ጥቁረቷን አላየሽም?» ይባላል። ዐይን እንዳያርፍባት ነው። ሐያት ስትወለድ ጎረቤት ሁሉ መልኳን ሲያደንቅ እኔ በሰው ፊት ፉንጋዬ ነበር የምላት። ፍቅሬን የማውቀው እኔና አላህ ነን።

ዳታው ሲመለስ የቻናሉ ሰው በረከተ። አንድ ሐሙስ ሐያት ድምጿ ተለውጦ ደወለች።

«እማ፣ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። ኮምቦልቻ ባዛር አለ፤ እዚያ የኮሚክ ሥራዎችን አይተው ይመርጣሉ። የተመረጠ ሠዓሊ አዲስ አበባ ሄዶ ይማራል፣ እየተከፈለውም ይሠራል። እማ፣ ከተመረጥኩ ከፋብሪካው እወጣለሁ።»

«አዲስ አበባ?»

«አዎ። ጸሐፊው ባለበት ሆኖ መቀጠል ይችላል ብለዋል። ግን በዕለቱ ሁለታችንንም ማየት ይፈልጋሉ። ትመጫለሽ?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ኮምቦልቻ ሐሙስን ትቶልኛል፤ አዲስ አበባ ምን እንደሚተውልኝ አላውቅም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ደሴ ጠዋት ብርድ ነበር፤ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሙሄ ሲያየኝ ከመኪናው ወረደ።

«አሰላሙ አለይኩም እማ ዘሃራ። ዛሬ ሜሞሪዋን ትተው ራስዎ መጡ?»

«ወአለይኩም ሰላም። መጣሁ።»

«ይግቡ፣ ከፊት ይቀመጡ። እኔም እኮ ከበሩ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ፤ ከዚህ ከሚኒባሱ በር። ትናንት ልዘጋው ብል እምቢ አለኝ። ግራሶ ገና አልቀባኸኝም አለ።»

«ታዲያ ቀባኸው?»

«ኧረ ተጣልተናል።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሐረጎን ስንወርድ ብርዱ እየለቀቀ ሄደ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን እያወለቅኩ ነበር።

ሐያት ባዛሩ ያለበት አዳራሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ከፋብሪካ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ዐይኗ ቀልቷል። እጄን ሳመች። ሥዕሎቹን በትልቁ አሳትማ በግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች። እኔ በስልክ እንጂ እንዲህ ተልቀው አይቻቸው አላውቅም ነበር። የእትዬ መዲናን ጀርባ አየሁት። ትከሻቸው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለ ነው። የእኔ ትከሻ ነው። ልጄ መቼ እንዲህ አስተውላኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

ከጎናችን ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ እነሱም አንዱ ጸሐፊ አንዱ ሠዓሊ ናቸው። የእነሱ ጀግና ክንዱ የዋርካ ግንድ ያክላል። አንደኛው ለሚያልፈው ሁሉ፣ «የእኛን የሚያክል በአገሪቱ የለም» ይላል። በሆዴ አስተግፊሩላህ አልኩለት።

ረፋዱ ላይ መራጯ መጣች። ሰብለ ትባላለች፤ አለባበሷ ቀላል፣ አነጋገሯ ትሑት ነው። ሥዕሎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆማ አነበበች። ነፋሱ ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናት፣ ጸሐፊዋ እርስዎ ነዎት?»

«በስልክ የማወራውን ነው የምትጽፈው።»

«እኔ ብዙ ሠዓሊ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየሁም። ልጅዎ የተለየች ናት፤ በጣም የተለየች።»

ማሻአላህ አላለችም። ጠበቅኩ፤ አሁንም አላለችም። ዙሪያችን ሰው ተሰብስቧል፣ ሁሉም ሐያትን ያያል።

«ኧረ ምኗ የተለየ ነው» አልኩ። «የልጅ ጨዋታ ነው። ከሥራ ስትመለስ ስልክ ስትነካካ ነው።»

ሰብለ ፈገግ አለች። «አይመስልም እኮ። ብዙ የተለፋበት ነው።»

«ልፋት የላትም። የጀመረችውንም አትጨርስ።»

የሰብለ ፈገግታ ቀነሰ። «አትጨርስም?»

«ልጅ አይደለች» አልኩ።

ሰብለ በእጇ ወደያዘችው ወረቀት አየች፤ የሆነ ነገር ጫረችበት። «የእኛ ሥራ ጊዜ የተቆረጠለት ነው፤ መጨረስ የሚችል ሰው ነው የምንፈልገው» አለች፣ በትሕትና። ለሐያት እጇን ሰጠቻትና ክንደ ዋርካው ጀግና ወዳለበት አለፈች።

ሐያት ሥዕሎቹን ከግድግዳው አንድ በአንድ አነሳች፣ ጠቀለለች። እንዳግዛት እጄን ስዘረጋ፣ «ተይው እማ» አለች። ወጣን። ፀሐዩ ከብዶ ነበር። ጥላ ያለበት ስንደርስ ቆመች።

«እማ፣ ጀምሬ ያልጨረስኩት የትኛውን ነው?»

«ምንም የለም።»

«ታዲያ?»

«ዐይን እንዳይነካሽ ነው ልጄ። ማሻአላህ አላለችም። ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር።»

«ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች? እናቷ ራሷ አትጨርስም ያለቻትን ማን ይወስዳታል?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። «በሰው ፊትስ እሺ። ቤት ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ አንድ ቀን ጎበዝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

በእጄ የያዝኩትን ሹራብ አጣጠፍኩ።

«ወይስ እንዳልሄድ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ሐያት አየችኝ፤ ከዚያ እጄን ስማ፣ «ማታ ፈረቃ አለብኝ፣ ትንሽ ልተኛ። ሙሄ ሳይወጣ ድረሽበት» ብላ ሄደች። የሥዕሎቹ ጥቅል ብብቷ ሥር ነበር።

ወደ ሙሄ አልሄድኩም። መስጊድ ገብቼ የሴቶቹ ክፍል ተቀመጥኩ። ዙህር ሰገድን፤ ሰው ወጣ፣ እኔ ቀረሁ። ሱጁድ ወረድኩና ግንባሬን ከምንጣፉ ማንሳት አቃተኝ። ዱዓ ማድረግ ፈልጌ ነበር፤ «ያ ረብ» ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እዚያ ሆኜ የሐያትን ጥያቄ ለራሴ ጠየቅኩት። ዐይን እውነት ነው፤ አሁንም አምናለሁ። ግን ከዐይን የሚጠብቀው ዱዓ ነው እንጂ ውሸት አይደለም። ልጄን አንድም ዓርብ አላለፋትም። ትኩሳት ይዟት እንኳ ጨርሳ ልካለች። እያወቅኩ አትጨርስም ያልኩት ለምንድን ነው? የሰው ዐይን መፍራቴና ቤቴ ጭር እንዳይል መፍራቴ ልቤ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። የትኛው እንደተናገረ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ብቻ ልጄን የሰጠኝ አላህ ነው፣ እስከ አሁንም የጠበቃት እሱ ነው። እሱ ሲጠብቃት እኔ በሩ ላይ መቆሜ ምን ይባላል?

ተነስቼ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ኮምቦልቻን ደኅና አድርጌ ስለማላውቃት መንገዱ ጠፋኝ፤ አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ አመላከተችኝ። በፍጥነት እራመዳለሁ፣ በልቤ የምለውን እለማመዳለሁ። «ልጄ ጎበዝ ናት።» ሦስት ቃል ናት። እንደ ባዕድ ቋንቋ ከበደችኝ።

ስደርስ ሰው ተበትኖ ጠረጴዛ እያነሱ ነበር። ሰብለ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«እናት፣ የረሱት ዕቃ አለ?» አለችኝ።

«አዎ፣ አለ እህቴ» አልኩ። «ማሻአላህ። ልጄ ጎበዝ ናት።»

ሻዩን አስቀመጠች።

«ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ከተቀመጥኩ ዝም እላለሁ።» አፌ ደርቋል፤ ግን ቀጠልኩ። «ያ በር ዐይን የለውም፣ አፍ የለውም። ሲስቅና ሲያዝን ግን ይታወቃል። እንጨቱን ትንሽ አዘንብላ ነው እንዲህ የምታደርገው። ያን እኔ አልነገርኳትም፤ ከራሷ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፋብሪካ ቆማ አድራ ትሥላለች። ስልኳ የተሰነጠቀ ነው፣ ጣቷን ይቆርጣታል። የጀመረችውን ያልጨረሰችበት ቀን የለም። ጠዋት የነገርኩሽ እውነት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አሉት?»

«ስታደንቂያት ማሻአላህ አላልሽም።»

ሰብለ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ዐይኗ እንባ ያዘ። «የእኔም እናት ሰው ባለበት አስቀያሚዋ እያሉ ነው ያሳደጉኝ» አለች። «ትልቅ እስክሆን ድረስ እውነት መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ከልቧ ሆና፣ «እናት፣ ከተመረጠች እኮ ትሄዳለች። ብቻዎን ነዎት?» አለችኝ።

«አላህ አለ» አልኩ።

ወረቀቷን አወጣች። «ጠዋት ስሟ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ። አሁን እሰርዘዋለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም፤ የምንመርጠው ብዙ ሆነን ነው።»

«አላህ ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ሐያት ክፍል ስደርስ ለፈረቃዋ ተነስታ ፀጉሯን ትጠቀልላለች። አልሄድሽም እንዴ አለችኝ። በሩን ዘግቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት። «ማሻአላህ። በጣም ጎበዝ ነሽ።»

ሻርፑ በእጇ ቀረ።

«እማ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። ሴትዮዋም ዘንድ ሄጄ ነግሬያታለሁ። ደግሞ ሰኞ ገበያ ነጋዴዎቹ የአንቺን ነገር እየጠቀሱ ይሳሳቃሉ፤ ሰምቻለሁ። አልነገርኩሽም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለጠየቀችኝ ለሁለተኛው ጥያቄም ልመልስላት ሞከርኩ። «እንዳልሄድ ነው ወይ ላልሽኝ... ከሄድሽ ቤቱ ይጨንቀኛል። ቢሆንም ሂጂ።»

አፍንጫዋን በሻርፑ ጠርጋ፣ «የመጀመሪያውን ድገሚው፣ በስልክ ልቅዳው። ነገ ብትክጂስ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት፤ አውፍ ብያለሁ አለችኝ። ፈረቃዋ ደርሶ ወጣች። እኔ አልጋዋ ላይ፣ ትራሷ ላይ፣ ሽታዋን ይዤ አደርኩ። በማግስቱ ደሴ ተመለስኩ።

ሐያት ተመረጠች። ባትመረጥ ኖሮም አልሃምዱሊላህ እል ነበር፤ ያን ዕለት ልጄን ያገኘኋት ከመመረጧ በፊት ነውና። ያኔ ግን መመረጧን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ደስታው ተከትሎ መጣ። ስትሄድ መናኸሪያ ሸኘኋት። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት፣ «ልጅሽ ናት? ለምንድን ነው የምትሄደው?» አለችኝ። የልማዴ መልስ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። «ትሥላለች። ማሻአላህ፣ ጎበዝ ናት» አልኳት። ሴትዮዋ ማሻአላህ አለች። ሐያት በአውቶቡሱ መስኮት ትሰማ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ብቻዬን ነኝ። አልደብቃችሁም፣ ከበፊቱ ይልቅ ብቻዬን ነኝ። መንገዱ ረዝሟል፤ ሙሄም የሚያመጣልኝ ሜሞሪ የለም። ሥራው ግን አልቆመም። ሐያት አሁን በደኅና መሣሪያ ነው የምትሥለው፤ የቀኙ ጥግ ባዶ ይሁን ያለችው ግን በፈቃዷ ነው፣ አንባቢ ለምዶታል ብላ።

እህቶቼ፣ ልጆቻችሁን ከዐይን ጠብቁ፤ አልከለክላችሁም። ዱዓ አድርጉላቸው፣ ማሻአላህ በሉ። ከማሻአላህ በኋላ ግን ቀጥላችሁ እውነቱን ንገሯቸው። እኔ ልጄን ከሰው ዐይን እጠብቃለሁ ስል ከራሴም ዐይን ሰውሬያት ኖሬያለሁ። ያቺን ሦስት ቃል ለማለት ሐረጎን መውረድ፣ ልጄን ማስከፋት፣ መንገድ መጥፋት አስፈልጎኛል። ለእናንተ አላህ ያቅርብላችሁ።

ሐሙስ ሐያት ስትደውል፣ ወደ ወጋችን ሳንገባ፣ ባለፈው ሳምንት ከሣለችው የወደድኩትን አንድ ነገር እነግራታለሁ። አንዱን ብቻ፤ ብዙ አልችልም። እስካሁን አልለመደችውም። መልስ አጥታ ዝም ትላለች፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። እኔም አላቋርጣትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እስክትናገር እጠብቃለሁ።